የቡሬው ጂምናስቲክ

ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ጂምናስቲክ ካልተማርኩ ብላ አስቸገረችኝ። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። አባቷ ከሞተ ወዲህ አንድ ነገር አጥብቃ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበርና እምቢ ለማለት አልደፈርኩም።

በመጀመሪያ በከተማችን ቀበሌ አዳራሽ ወደሚሠለጥኑት ወሰድኳት። አንዲት ትንሽ ልጅ እግሯን ዘርግታ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች፣ አሰልጣኙ ጀርባዋን ወደ ታች ይጫናት ነበር። «ካላመማቸው አይተጣጠፉም፣ መምህር» አለኝ። ልጄ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች፤ ይዣት ወጣሁ።

ጎረቤት ከተማ ቡሬ ያለው ክለብ ራቅ ቢልም የሚወደቅበት ፍራሽ ነበረው። አሰልጣኟ ወጣት ሴት ናት። ከሁሉ አስቀድማ «ነይ፣ እንዴት እንደሚወደቅ ላሳይሽ» አለቻት። ልጄ ወደቀች፤ ሳቀችም። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እንመላለስ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቅዳሜ ስንደርስ አዳራሹ እስከ ጣሪያው ማዳበሪያ ተከምሮበት አገኘነው። ፍራሾቹ ውጭ ተጥለው ዝናብ ይመታቸው ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «አዳራሹ ለመጋዘን ተፈለገ። አሰልጣኟም ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ሄደች። በከንቱ ደከማችሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስንመለስ፣ «የኛኑ ከተማ እንሞክር እንዴ?» አልኳት። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን እስኪያልፍ በመስኮቱ ዝናቡን ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ «ተይው እማዬ፣ እኔም ሰልችቶኛል» አለች።

እንዳልሰለቻት አውቅ ነበር። ግን ሌላ የምወስዳት ቦታ ስላልነበረኝ፣ «እሺ» አልኳት።