የአያሌው መናገሪያ

አያሌው ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚናገረው በኮምፒውተር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ያስተማረ፣ ድምፁ ከክፍሉ አልፎ ግቢው ድረስ የሚሰማ ሰው፣ አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም ተሳሰረ። የደብረ ታቦር ዘመድ ወዳጅ ሊጠይቀው ይመጣና አጠገቡ ተቀምጦ፣ እሱ እንደሌለ ሁሉ፣ ስለ እሱ ከሚስቱ ከጌጤ ጋር ያወራል። ሰው ሁሉ አእምሮውም አብሮ የሄደ መስሎት ነበር። ጌጤ ግን አላመነችም። ጡረታ ሲወጣ የገዛው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ ግራ እጁን ኪቦርዱ ላይ ብታደርግለት፣ በአንድ ጣቱ እየፈለገ «ውሃ» ብሎ ጻፈ። እልል ልትል ከጅሏት አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በዚያ ማሽን ይተዳደር ጀመር። አንዷን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መንካት ስላለበት ያዘግማል፤ ጌጤ ከጀርባው ቆማ ትጠብቃለች። «ሽሮው ጨው አነሰው» ይላል። «ዶሮዎቹ አልተዘጋባቸውም» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ «ደክሞሻል፣ ተቀመጪ» ይላታል። ይህን በደህናው ዘመን በአፉ ብሏት አያውቅም።

ኮምፒውተሩ ግን አርጅቷል። ሲከፈት ያጓራል፤ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። መብራት ሲጠፋ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋና አያሌው መብራቱ እስኪመለስ ዲዳ ሆኖ ይቀመጣል።

የወንድሟ ልጅ ደሳለኝ መላ አገኘሁ ብሎ ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ ዴስክቶፕ ማን ይገዛል? ጋሼ በዚህ ይጻፉ፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳያቸው አይደለም» አላት። አያሌውን ግን አልጠየቀውም። ስልኩን እጁ ላይ አኖረለት። የአያሌው ጣት ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ፊደል ሲሻ ጎረቤቱ ይወጣል፤ ያንን ሲያጠፋ ሌላው አብሮ ይሄዳል። ደሳለኝ «ይለምዱታል፣ ይለምዱታል» እያለ ጣቱን ይዞ እንደ ሕፃን ሲመራው፣ አያሌው እጁን መንጭቆ ወሰደ። ስልኩ መሬት ወደቀ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ከአሮጌው ማሽን ፊት ተቀምጦ ጌጤን በዓይኑ ጠራት። «ጌጤ አንድ ነገር ልነግርሽ» ብሎ ጻፈ። ቀጣዩን ፊደል ሲፈልግ ከሳጥኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፤ ስክሪኑም ጠቆረ።

ጌጤ ማሽኑን በባጃጅ ጭና ገበያው ዳር ኮምፒውተር የሚጠግነው ኢድሪስ ዘንድ ወሰደችው። ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ፣ እትዬ ጌጤ፣ ይሄ አልቆለታል።»

«እንግዲያ በምን ልተካው?»

«ለምን እንደሚፈልጉት ይንገሩኝ። ለፊልም ነው? ለጽሕፈት ነው?»

«ባሌ ይናገርበታል» አለችው።

ኢድሪስ መፍቻውን አስቀመጠ። ሌላ ዴስክቶፕ ቢገዙ ለእጁ ይመቻል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አፉ ይዘጋል፤ ላፕቶፕ በባትሪ ይሠራል፣ ቁልፎቹ ግን ዝርግና ጥብቅ ናቸው አላት። ትንሽ አሰበና «ላፕቶፑ ላይ ትልቅ ኪቦርድ እሰካለሁ። ግን እሳቸውን ይጠይቁልኝ» አለ።

ጌጤ ቤት ገብታ አያሌው አጠገብ ተንበረከከች። ሁለቱንም ነገረችው። «ላፕቶፑ ይሻላል ካልክ እጄን ጨብጠው።» ጨበጠው፤ ግን ላላ አድርጎ ነበር።

ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ከባሕር ዳር መምጣት ነበረበት፤ መንገዱ ደግሞ ተዘጋ። ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ሲባል ጥቅምት አልፎ ኅዳር ገባ። ጌጤ ፊደላቱን ወረቀት ላይ ጽፋ በጣቱ እንዲያሳያት ሞከረች፤ አንድ ሁለት ቀን አሳያትና ተወው። ራቡንም ብርዱንም ከፊቱ ማንበብ ያዘች። ማታ ማታ ስትሳሳት ዓይኑን ይጨፍናል።

ዕቃው በመጣ ዕለት ኢድሪስ ራሱ ቤት መጥቶ ገጣጠመው። ጌጤ እስኪወጣ እንኳ መታገሥ አልቻለችም። «አያሌው፣ ያን ቀን ምን ልትነግረኝ ነበር?»

በአንድ ጣቱ «ረሳሁት» ብሎ ጻፈ።

እውነት ረስቶት ይሁን ወይስ ሊነግራት ሳይፈልግ ቀርቶ፣ ጌጤ አታውቅም። ሁለተኛም አልጠየቀችውም። አዲሱ ማሽን ይፈጥናል፣ ፊደሉም ጥርት ያለ ነው፤ የአያሌው ወሬ ግን «ውሃ» እና «ብርድ» ሆኖ ቀረ። ስለ ጨውም፣ ስለ ዶሮዎቹም፣ ስለ ድካሟም ዳግመኛ አልጻፈም።

አንድ እሑድ ዘመዶች መጥተው ከበቡት። «እንዴት ነህ?» ብለው ጮኹበት፤ ጆሮው ግን ደህና ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ጻፈላቸው። ተደስተው፣ ጌጤንም መርቀው ሄዱ። ሸኝታቸው ስትመለስ ጣቱን ከመጨረሻው ቁልፍ ላይ አላነሳውም ነበር፤ «ኝ» እየተደጋገመ መስመሩን ሞልቶ፣ ገጹን ሞልቶ ይወርዳል። አያሌው ስክሪኑን አያይም። ጌጤ እጁን ቀስ ብላ አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።