በእጄ የተሞከረው ግራይንደር

እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው ሥራ የጀመርኩት። በጅቡቲ የሚታረፈው ዓርብ ነው፤ እሁድ የሥራ ቀን መሆኑን ገና አልለመድኩትም ነበር። ካርቲየ 2 ሰፈር ወደሚገኘው የአጎቴ የሐጂ ዩሱፍ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሱቅ ስደርስ በሩ በግማሽ ተከፍቷል፤ ዋናው ሻጭ ኢድሪስ ድሪሎችን ከካርቶን እያወጣ ይደረድራል። አየኝና ወደ ውስጥ ጮኸ።

«ሐጂ! ኢንጂነሯ መጥታለች። ጄኔሬተሩን እንሽጠው፤ ከዛሬ ጀምሮ መብራት የምትሰጠን እሷ ናት!»

አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ከተመረቅኩ በኋላ ድሬዳዋ ቤት ውስጥ ሥራ ስጠብቅ ከርሜ ነበር፤ አጎቴ ሲጠራኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ሰው ፊት መናገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። ኢድሪስ ይህን በመጀመሪያው ደቂቃ አወቀ።

የሥራ ድርሻችን ግልጽ ነበር። አጎቴ ገንዘብ ይቀበላል፣ ኢድሪስ ደንበኛ ያነጋግራል፣ እኔ ዕቃ እሞክራለሁ።

«እዚህ ቤት ሳይሞከር የሚወጣ ዕቃ የለም» አለኝ አጎቴ። «ከአርሂባ ሰፈር እስከ ወደቡ በር ድረስ የታወቅነው በዚህ ነው። ደንበኛው ሲሠራ በዓይኑ ያያል፣ ድምፁን በጆሮው ይሰማል፣ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።»

ሥራውን ወደድኩት። ግራይንደር፣ ማለትም ብረት መቁረጫ፣ ሲሆን መጀመሪያ መከለያው መጥበቁን አያለሁ። ዲስኩን አስገብቼ በቁልፍ አጠብቃለሁ። ማብሪያው መጥፋቱን ሳላረጋግጥ ስፒናውን አልሰካም። ከዚያ ዲስኩን ከደንበኛው ፊት ዞር አድርጌ አበራለሁ፤ ድምፁ አንድ ዓይነት እስኪሆን እጠብቃለሁ፤ ከካርቦኑ በኩል የሚወጣውን ብልጭታ አያለሁ። አጥፍቼ እንዳልጋለ ለማወቅ የዕቃውን አካል እዳስሳለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ማውራት አያስፈልግም። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነበር።

አጎቴ ለገባ ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀርባል። ገዛም አልገዛም፣ ግንበኛም ሆነ ባለሆቴል፣ ውሃው ቀድሞ ይመጣል። በዚያ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዎች «የሐጂን ሱቅ የሚያህል የለም» ሲሉ እሰማና እኮራ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ግራይንደሮች መጡ። አጎቴ ወደቡ አካባቢ በጅምላ ያገኛቸው ናቸው። ብረታቸው ከባድ፣ መያዣቸው ጥሩ፣ ዋጋቸው ርካሽ ነበር። ያን ቀን ኢድሪስ ባንኮኒው ሥር፣ ከጨርቅ መጋረጃ ጀርባ፣ አዲስ ሶኬት አዘጋጀ።

«ብርቱካናማዎቹን እዚህኛው ላይ ሞክሪ። ግድግዳው ላይ አትሰኪያቸው።»

«ለምን?»

«ስታቢላይዘር ነው ያስገባሁት። የዚህን ከተማ መብራት ታውቂው የለ? አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። እነዚህ አዲስ ናቸው፣ እንንከባከባቸው እንጂ ኢንጂነር!»

ከጨርቁ ጀርባ የትራንስፎርመር ድምፅ ይሰማል። ስታቢላይዘርም እንዲያ ስለሚጮህ አመንኩት። ለዕቃው መጠንቀቃቸውም ደስ አሰኘኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንዲት ሴት በሩ አጠገብ ቆማ ወንዶቹ እስኪወጡ ጠበቀች። እኔም እንደዚያ ስለማደርግ ወዲያው ገባኝ። ሱቁ ባዶ ሲሆን ወደ እኔ መጣች።

«እህቴ፣ ሀበሻ ነሽ አይደል?»

ዘነበች ትባላለች። ሄሮን ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። ታናሽ ወንድሟ ታዬ ድሬዳዋ ብየዳ ተምሯል። አንድ የብረታ ብረት ቤት «የራስህን ግራይንደር ይዘህ ከመጣህ እንቀጥርሃለን» ብሎታል። እሷም ስትቆጥብ ቆይታ ዛሬ ልትገዛለት መጥታለች።

«ሳታስሞክሪ እንዳትገዢ ብሎኛል» አለችኝ። «እኔ ይሄን ነገር ከምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን አልለየውም። ብቻ ሞክሪልኝ።»

ብርቱካናማውን ሞከርኩላት። «አንዴ ድገሚልኝ» አለችና ስልኳን አወጣች። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ድምፁን ቀድታ ለወንድሟ ላከችለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ እኔም እንድሰማው ስልኩን ከፍ አደረገችው። «ዘኑዬ፣ እንዴት ያምራል ድምፁ! ውሰጂው!»

ሳቀች። አጎቴ የሰጣትን ውሃ ጠጥታ፣ መርቃን፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

ተመልሳ የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ግራይንደሩን በዳቦ ከረጢት ጠቅልላለች። ገና ሳትፈታው ሽታው ደረሰኝ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሌላ ነገር አይመስልም።

«ማዳም ዓሣ ግዢ ብላ ልካኝ ነው፣ ቶሎ ልመለስ» አለች እያለከለከች። ታዬ በመጀመሪያው የሥራ ቀን አለቃው ፊት ሰክቶታል። ከመጠን በላይ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ሞተ። አለቃው «ከጅቡቲ ዕቃ አመጣሁ ስትል እኔ ጭስ መሆኑን መች አወቅሁ» ብሎ በሠራተኛው ፊት ስቆበታል። እስከ ሰኞ ግን ታግሶታል። ሰኞ ባዶ እጁን ከመጣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ነገ ጠዋት በባቡር የምትሄድ ጓደኛ አለችኝ። የሚሠራ ከሰጣችሁኝ ትደርስልኛለች።»

ኢድሪስ ሁለት ግንበኞች እያስተናገደ ነበር። ግራይንደሩን በሁለት ጣቱ አንስቶ አሸተተና አስቀመጠው።

«ወንድምሽ ብረት ነው የቆረጠበት ወይስ ሥጋ ጠበሰበት?»

ግንበኞቹ ሳቁ።

«ወንድሜ ሥራውን ያውቃል፣ ጌታዬ።»

«ተሞክሮልሻል አልተሞከረልሽም?»

«ተሞክሮልኛል።»

«ሲሠራ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያውስ ምን ቀረ? ገጠር ወስዶ ከምን ጋር እንዳገናኘው እኛ በምን እናውቃለን?»

ዘነበች ስልኳን አውጥታ የቀዳችውን ድምፅ ከፈተችው። ግራይንደሩ ጥርት ብሎ ይጮሃል። ድምፁ ሲያቆም ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ «ይበቃል? ልድገመው?» የሚል። የእኔ ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ የሞከርሽው» አለችኝ። «እስቲ ንገሪያቸው።»

ማለት የቻልኩት «ዕቃው እኔ ጋ ይቆይ፣ አየዋለሁ» ብቻ ነበር። ስልክ ቁጥሯን ተቀበልኩ። አንገቷን ደፍታ ስትወጣ አጎቴ ከመቀመጫው «ውሃ ስጧት እንጂ!» አለ። አልጠጣችም።

ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁ ተዘጋ። በዚያ ሰዓት ጫት ከኢትዮጵያ ገብቶ ሰው ለመቃም ይቀመጣል፤ ከተማው ፀጥ ይላል፤ ኢድሪስም እስከ አሥር ሰዓት አይገኝም። እኔ ዕቃ ላስተካክል ብዬ ቀረሁ።

ግራይንደሩን ፈታሁት። የሽቦ ጥቅልሉ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ካርቦኖቹ ገና አዲስ ናቸው፤ ብዙ አልሠራም ማለት ነው። መልሼ ገለበጥኩት። የዋጋው ወረቀት ሁልጊዜ እንደሚለጠፈው መያዣው ላይ አልነበረም፤ የተለጠፈው የአምራቹ ጽሑፍ ባለበት ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ነው። በጥፍሬ ፋቅኩት። 110 ቮልት ይላል።

የጅቡቲም የድሬዳዋም መብራት 220 ነው፤ እጥፉ።

መደርደሪያ ላይ የቀሩትን አወረድኩ። ሁሉም ላይ ወረቀቱ እዚያው ቦታ ተለጥፏል፤ ሁሉም 110 ናቸው። ከዚያ የባንኮኒውን መጋረጃ ገለጥኩ። ስታቢላይዘር የተባለው የብረት ሳጥን 220 ተቀብሎ 110 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ነበር። በመለኪያ ለካሁት፤ አልተሳሳትኩም። መጋዘን ገብቼ ካርቶኖቹን ሳገላብጥ ተቆርጠው የተጣሉ ባለ ጠፍጣፋ ጥርስ ስፒናዎች አገኘሁ። ገዢው ጥርሱን አይቶ እንዳይጠይቅ እዚህ ሶኬት በሚገባው ክብ ጥርስ ቀይረዋቸዋል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደካማ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ብዙ አይቻለሁ፤ ገዢው ርካሽ መሆኑን ያውቃል፣ በርካሽ ይገዛል። ይህ ሌላ ነው። ይህች ሴት ማድረግ ያለባትን ሁሉ አድርጋለች። አስሞክራለች፣ አስደግማለች፣ ለባለሙያ አሰምታለች። እኛ ጥንቃቄዋን ራሱን ወጥመድ አደረግንባት። የታወቅንበትን ነገር፣ ሰው አምኖን ከሩቅ የሚመጣበትን ሙከራ፣ ማታለያ አደረግነው። ለዚያም ዝም ብላ የምትሠራ፣ የተማረች፣ ፊቷ የሚታመን ልጅ አስቀመጡበት። ማን ይጠረጥረኛል? ከዚያ በኋላ ገዢው ዕቃውን ራሱ እንዳቃጠለ አምኖ፣ አፍሮ ቤቱ ይቀመጣል። ስንቱ እንዳፈረ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ አጎቴ ሲገባ ሳጥኑ ባንኮኒው ላይ ነበር። አየው፣ እኔንም አየኝ፣ ቁልፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«በትክክል ሠርቷል አልሠራም?» አለኝ። «እኔ አልዋሸሁም። እዚህ ይሠራል አልኩ፣ እዚህ ሠራ። ከደጄ ወዲያ ያለው መብራት የእኔ አይደለም።»

«በእጄ ነው ያስሞከራችሁኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

«ልጄ፣ ሲጭኑልኝ እኔም አላየሁትም። ከገዛሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ባሕር ውስጥ ልጣላቸው?»

ኢድሪስ በር ላይ ደርሶ ሰማ። «ሐጂ፣ ተማረች እኮ! መንግሥት ያስተማራትን እኛ ላይ ትለማመዳለች» አለ። አጎቴ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ቀረብ አለ።

«እሺ። የዚያችን ልጅ ቀይሪላት። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጥሩዎቹ አንዱን ስጫት፤ ሐላሏ ነው። የቀሩት ጥቂት ናቸው። እስኪያልቁ እንደ ድሮው ትሞክሪያለሽ። ተስማማን?»

አጎቴ ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደውና ሳጥኑን ወደ መጋረጃው ጀርባ እንዲመልሰው ለኢድሪስ ምልክት ሰጠው። የማድረው በእሱ ቤት ነው፤ የመኖሪያ ወረቀቴን ያወጣልኝም እሱ ነው። ይህንን እሱም እኔም እናውቃለን።

ለዘነበች ደወልኩላት። ጠዋት ባቡሩ ሳይነሳ እንድትመጣ ነገርኳት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕቃ የሚሞከረው ደንበኛው በሚሰካበት መብራት ነው። ፈገግታውና ውሃው ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በማግስቱ ሱቁን ራሴ በጊዜ ከፈትኩ። ዘነበች ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች። ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን አወረድኩ፤ ሳህኑን አሳየኋት፤ 220 የሚለውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ከታዬ መልስ እስኪመጣ ደጋግሜ አበራሁት። «ይሄኛው ወፍራም ነው ድምፁ» አለ። ካርቶኑን ይዛ ሮጠች። «ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም» ብላ ከመንገድ ጮኸችብኝ፤ «ማታ ደውዪልኝ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አልኳት።

ከዚያ ሳጥኑን ከመጋረጃው ጀርባ ጎትቼ አወጣሁት። ከባድ ነው። ባንኮኒው ላይ፣ ከብርቱካናማዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። የእያንዳንዳቸውን የዋጋ ወረቀት ከሳህኑ ላይ ፍቄ መያዣው ላይ ለጠፍኩት። ኢድሪስ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ድሪሎቹን መደርደር ጀመረ።

አጎቴ የገባው ከአንድ የሶማሌ ግንበኛ ጋር እያወጋ ነው። ሰውየው ብርቱካናማውን አንስቶ ወደ እኔ ገፋው። «ሞክሪልኝ።»

«ይሄ በቤትህ መብራት ይቃጠላል» አልኩት፣ ፈረንሳይኛና ሶማልኛ እየቀላቀልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «የሚሠራው በዚህ ሳጥን ብቻ ነው። ያለ ሳጥኑ አትግዛው።»

ሰውየው ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ አጎቴን አየ። «ሐጂ፣ ሳጥኑስ ይሸጣል?»

አጎቴ ወደ መቀመጫው ሄዶ ተቀመጠ። ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ግራይንደር አወረድኩ፣ ዲስኩን አጠበቅሁ፣ ማብሪያው መጥፋቱን አየሁና ግድግዳው ላይ ሰካሁት።