የዳልቻ ቁንጫ

ልጄ ባሕር ዳር ነው የምትኖረው፤ ሳሎኗ ውስጥ ከእኔ እኩል ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ነጭ ውሻ አላት። ሰሞኑን ማከክ ሲያበዛ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ተጠርቶ መጣና ጓንቱን አጥልቆ፣ የማጅራቱን ጠጉር ገለጥ አድርጎ ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ አፈሰሰለት፤ ከዚያም የልጅ ልጄን በዓይኑ ፈልጎ መድኃኒቱ እስኪደርቅ ውሻውን እንዳትነካው አስጠነቀቀ። ልጄ «እሺ ዶክተር» እያለች በጥሞና ታዳምጣለች። እኔ ግን ሽታው አፍንጫዬ ከገባ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልሰማሁም። ያው ሽታ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዛሬው ሽቶ ተጨምሮበታል፤ ከሥሩ ግን ያ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር አለበት። ትናንት የበላሁትን የማላስታውስ ሴትዮ፣ የስንት ዘመኑን ሽታ ወዲያው ለየሁት!

ቤታችን ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ ሳይበረታ የሚደረስበት መንደር ነበር፤ ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ዳልቻን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በጋቢያቸው ሸጉጠው ነው ያመጡት፤ ስሙንም ያወጣለት አመድማ መልኩ ነው። ሲያድግ አንድ ጆሮውን ጅብ ቀዶት የቀረ፣ አህያችንን ሁለት ጊዜ ከጅብ አፍ ያስጣለ ጀግና ሆነ፤ ነገር ግን ዶሮ ይፈራ ነበር። የእናቴ እርባና ቢስ ቀይ አውራ ዶሮ ክንፉን ካርገበገበ ዳልቻ ጭራውን ቆልፎ ከጎተራው ሥር ይወሸቃል፤ አባቴም ሰው እንዳያይባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ቦታው ውጭ፣ ከአህያዪቱ ጎን ነበር። ይሁን እንጂ ጠዋት አባቴ ወደ እርሻቸው፣ እናቴ ወደ ወንዝ ከወረዱ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ የማስገባው እኔ ነኝ፤ አጎዛዬ ላይ ዘርጠጥ ይልና ሆዱን ሳክለት እንደ ሰው ያቃስታል። ሆዱ ላይ ቁንጫው ሲርመሰመስ እያየሁ ነው የማክለት። ቁንጫ ያን ጊዜ ጉድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው ስለ ቁንጫ የሚያወራው ስለ ዝናብ እንደሚያወራው ነው፤ ዘንድሮ በዛ፣ አምና ይሻል ነበር ይባላል። እናቴ ጣቷን በምራቋ አርጥባ ቁንጫውን ጫን ታደርገዋለች፣ ዘሎ እንዳያመልጣት አድቅቃ ታሸዋለች፣ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ጥፍሯ መሃል ቀጭ! ይህን ሁሉ የምታደርገው ወሬዋን ሳታቋርጥ ነው።

ወንድሜ ታፈረ ሲወለድ ግን ነገሩ ተለወጠ። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ይኼኛውን ከጡቷ ነጥላ መሬት የምታስነካው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንገቱና ጉንጩ ቁንጫ በበላው ቀይ ነጠብጣብ ተዝጎረጎረ። አንድ ቀን ጉንጩን በእጇ ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና አባቴን «ክርስትናው እስኪደርስ ይኼ ቁንጫ ከቤቴ ካልወጣ ውሻዎን ያውጡልኝ» አለቻቸው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ስለዚህ ለዳልቻ የቀረው ጊዜ አንድ ወር እንኳ አልሞላም።  እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስለማውቅ የዚያን ዕለት ምሳዬን ለዳልቻ ሰጠሁት።

የደረሰልን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አጎቴ ወደ ስማዳ ቆላ ወርዶ ለወባ ትንኝ ቤት ለቤት መድኃኒት ከሚረጩት ጋር የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። አራስ ጥየቃ ሲመጣ በጣሳ የተራረፈ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ፤ ዲዲቲ ነው አለን፤ ስሙን ሲጠራው የሹመት ስም ይመስል ነበር። አንድ እፍኝ የማይሞላውን ዱቄት በተነፋ አመድ አበዛው። ዳልቻን ከቤት አርቀን ወደ አውድማው ወሰድነው፤ አጎቴ ፊቱን በነጠላ ጠመጠመ፣ እንዳይልሰው የውሻውን አፍ በጠፍር አሰረ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ከጭራው እስከ አንገቱ ጠጉሩን እየከፈተ ነሰነሰበት። ከዚያ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበና እናቴን በደጅ ቆሞ «የተረፈው ሩቅ ይቀበር፤ ከምግብም ከልጅም አፍ ይራቅ፤ መርዝ ነው» አላት። እናቴም ቅበሪው ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

እኔ ደግሞ ግማሹን ቀበርኩ። ስሌቴ ቀላል ነበር፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቁንጫው ቢመለስስ? የዳልቻን ዕድሜ በእጄ ይዤ እንዴት አፈር ላልብሰው? የቀረውን አመድ በቁራጭ ሻሽ ቋጠርኩና የት እንደምደብቀው አወጣሁ አወረድኩ። ጎተራ ሥር አይጥ አለ፤ ጓዳው እህል አለበት፤ ከአልጋው ሥር እናቴ ትጠርጋለች። በመጨረሻ በቤቱ ውስጥ ማንም እጁን ዝም ብሎ የማይሰድበት አንድ ቦታ መኖሩ ትዝ አለኝ። ምሰሶው ላይ፣ ከእናቴ መኝታ ራስጌ፣ አባቴ ከጠበሉ ቦታ ያመጡት እምነት፣ ለታመመ የሚቀባና የሚቀመስ የተባረከ አመድ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ይንጠለጠላል። እዚያ የተሰቀለን ነገር እንግዳም ሆነ ጎረቤት አይነካም፤ እኔም ከሰው እጅ የሚርቀው እዚህ ነው ብዬ ቋጠሮዬን ከዚያው ሚስማር ላይ፣ ከእምነቱ ኋላ ሰቀልኩት። በብልሃቴ ረክቼ እንደነበር አልደብቅም።

ዳልቻ ዐሥር ቀን ያህል ሳያክ ኖረ። ጠጉሩ አምሮበት፣ አውራ ዶሮውን እንኳ ትንሽ የደፈረ መሰለኝ። የታፈረ ጉንጭ ግን እምብዛም አልተሻለውም፤ ከክርስትናው ሳምንት በፊት ደግሞ ሰውነቱ ሞቅ ሞቅ አለውና ጡት አልይዝም አለ። አባቴ ለውቂያ አውድማ ላይ ነበሩ። እኔ ከደጅ ከዳልቻ ጋር ተቀምጬ ሳለ የልጁ ለቅሶ ሲሰልል ሰማሁና ብቅ ስል፣ እናቴ ሕፃኑን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ በግራ መዳፏ አመድ ይዛ፣ በጣቷ ውኃ እያስነካች ግንባሩን በመስቀል ምልክት ትቀባዋለች፤ ከንፈሯ በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ቋጠሮው አጠገቧ ተፈትቷል። ሻሹ የእኔ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ያሰብኩት ታፈረን አልነበረም። ብናገር መድኃኒቱን መደበቄ ይታወቃል፣ ዳልቻም አበቃለት ብዬ ነው ያሰብኩት። ግንባር ብቻ ከሆነ ይታጠባል አልኩ በሆዴ። እናቴ ግን ግንባሩን ጨርሳ ጣቷን እንደገና አመዱ ውስጥ ነከረችና ወደ አፉ ወሰደችው፤ እሱም ርቦት ኖሮ ከንፈሩን ለጣቷ ከፈተላት።

«እማ፣ ተይ! የዳልቻ መድኃኒት ነው!»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መዳፏ አየች፣ አሸተተችውም። ከዚያ ሕፃኑን አንጠልጥላ በአንድ ዝላይ ደጅ ወጣች፤ እጇንም ግንባሩንም በእንስራው ውኃ፣ በእንዶድ፣ ደግሞ በውኃ አጠበች፤ በአራስነቷ እንዲያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ትገርፈኛለች ብዬ ቆሜ ስጠብቅ አልነካችኝም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ልገድለው!» እያለች ደረቷን ደቃች፤ ዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ታፈረ ምንም አልሆነም፤ ትኩሳቱም በሦስተኛው ቀን ለቀቀው።

አባቴ ሲመለሱ እናቴ በአጭሩ ነገረቻቸውና ውሻው ይውጣልኝ አለች። እሳቸው ዳልቻን ሊያስምሩ ጅቡን አነሡ፣ አህያዪቱን አነሡ። «አህያዪቱን ይብላት» አለች፤ «አህያ ከገበያ ይገዛል።» ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ አነሣችኝና ዓይኔን በቀሚሷ ጠረገችልኝ፤ ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ዓርብ ጠዋት አባቴ የዳልቻን አንገት በጠፍር አስረው ወደ ገበያው ሄዱ፤ ገበያ ደርሶ የሚመለስ መስሎት ከፊታቸው እየቀደመ ነበር። በነጻ የሰጡት ለአንድ የስማዳ ሰው ነው፤ ደህና ሰው ነው አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

እንግዲህ ቁንጫው የውሻው ቢሆን ኖሮ አብሮት መሄድ ነበረበት። ዳልቻ በሄደ በአራተኛው ቀን ቤቱ መቀመጫ አሳጣን። ከአጎዛው፣ ከመደቡ ትቢያ፣ ከወለሉ ስንጥቅ እየዘለለ እናቴንም አባቴንም እኔንም ታፈረንም ፈጀን፤ ክርስትና ያነሡት ቄስ ሳይቀሩ ከአንድ ዋንጫ ጠላ በኋላ «ይባርክ» እያሉ ቀሚሳቸውን ያራግቡ ነበር። በማግሥቱ እናቴ ቤቱን ገለበጠችው። ቁርበቱና አጎዛው ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ትቢያው ተጠርጎ ከደጅ ተቃጠለ፣ ወለሉና መደቡ በእበት ተለቀለቀ፣ ልብሱ በእንዶድ ታጠበ፤ ከሰባት ቀን በኋላ ደግሞ ደገመችው። መርዝም አላስፈለገ፣ ሰውም አላስፈራ፤ ቁንጫው ጠፋ። ያኔ የለቀለቀችውን ወለል ቆማ እያየች፣ እጇ እበት እንደሆነ፣ «አይ ዳልቻ! ለካ በእኛ ፈንታ ቁንጫው አንተን ሲበላ ነበር» አለችና አለቀሰች። ከዚያም አባቴን «ይሂዱና ያምጡልኝ» አለቻቸው።

አባቴ በዓርቡ ገበያ ሰውየውን ቢያጡት ስማዳ ድረስ በእግራቸው ወረዱ። የተመለሱት ከአራት ቀን በኋላ የተበጠሰ ጠፍር ይዘው ነው። ውሻው በሁለተኛው ቀን ጠፍሩን በጥርሱ ቆርጦ ጠፍቷል፤ አቀበቱን ሲወጣ ያዩት እረኞች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አባቴ ሲመለሱ በየመንደሩ እየጠየቁ፣ በየገደሉ እየተጣሩ ነው የመጡት። ያ ገደል ነብር አለው።

አባቴም እናቴም ካረፉ ቆይቷል፤ ቤቱም ፈርሶ ቦታው ጎመን ተተክሎበታል። ከዚያ ቤት የቀረነው እኔና ታፈረ ነን፤ እሱ ንፋስ መውጫ ተቀምጦ የልጅ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ጉንጩ ላይ ምንም ምልክት የለም። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ስልክ ደወልኩለትና እስከ ዛሬ ያልነገርኩትን፣ ዝም ያልኩባትን ያቺን ጥቂት ጊዜ ሳላስቀር፣ ሁሉንም ነገርኩት። በውሻ ልትለውጪኝ ነበር በላ ብሎ ሳቀብኝ። ኋላ ሳቁ ቆመና፣ «ግን እቴ፣ አቀበቱን የወጣው ወዴት ሊሄድ ነው?» አለኝ።

«ወደ እኛ ነዋ!» አልኩት። «ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ እሱም ስልኩን ሳይዘጋ ለቅሶዬ እስኪያልቅ ጠበቀኝ።