ያንኑ ሰማይ ደግሞ ማየት

የዚያን ቀን ሞያሌ፣ ቤቴ ውስጥ የነበርነው አራት ነን፦ እኔ፣ ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣችው ልጄ፣ የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ እና ልጄን ለወንድ ልጃቸው ሊጠይቁ ከሄሉ ሰፈር የመጡ ባለሱቅ ሴትዮ። ወንድምየው ከብት ነጋዴ ነው። ከፍሎ የሚያስተምራት እሱ ስለነበር፣ ትመለስ ወይስ ትዳር ትያዝ የሚለውም በእሱ እጅ ነበር። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ትቻለሁ።

«እስቲ የምትማሪውን ለእንግዳችን ንገሪ» አላት። ሊያሳፍራት እንደፈለገ ከድምፁ ገባኝ።

ልጄ ሁለት ፎቶዎች ምንጣፉ ላይ ዘረጋች። ሁለቱም የአንድ ሰማይ ናቸው፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ የቅርብ። ጋላክሲ በሚባሉ ትልልቅ የከዋክብት ክምችቶች መሃል ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ አለች። ራሱ አይታይም፤ የሚውጠው ነገር ግን ከመግባቱ በፊት ግሎ ያበራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ያንኑ ሰማይ ደጋግመው ፎቶ ያነሳሉ፤ መሃሉ ሲደምቅና ሲደበዝዝ እያዩ፣ ጉድጓዱ ምን ያህል እየበላ እንደሚያድግ ያሰላሉ።

«ሁለቱም አንድ አይደሉም እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ይቺን ነጥብ ይዩዋት፣ እማማ። እዚህኛው ላይ ደምቃለች።»

«አልታየኝም» አሉ፣ ጎንበስ እንኳ ሳይሉ።

ወንድምየው ሳቀ። «በሩን ቆልፋ፣ መቆለፉን ለማየት ተመልሳ የምትነካካውን እናቷን ነው የመሰለችው! ወላሂ፣ መጠራጠርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረችው!»

«አዎ፣ አጎቴ» አለች ልጄ። «እርስዎስ ቦሪ ሄደው ያዩት ወይፈን መወፈሩን የሚያውቁት ተመልሰው ሲያዩት አይደል?»

«አንቺ ሥራዬን ልታስተምሪኝ?» ብሎ የቆየውን ፎቶ አነሳና ለሁለት ቀደደው። «በይ፣ በቀረው ተማሪ!»

ልጄ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «የቀድሞው ከሌለ የአሁኑ ብቻውን ምንም አይነግረኝም» አለችኝ።

በማግስቱ ናይሮቢ በሚሄድ ሎሪ ተሳፈረች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አጎቷ መጥቶ «የት ደበቅሻት?» ብሎ ሲጮህብኝ፣ «አንተው ፈልጋት» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፤ እኔም አልጠራሁትም።

ልጄ ከዚያ ደውላልኝ ነበር። እየሠራች እንደምትማር ነገረችኝ። በኋላ ስልኳ ዝግ ሆነ። እኔ ጋ ያለው የቀድሞ ድምፅዋ ብቻ ነው፤ የአሁኑን አላውቅም።

ከእሷ ጋር የተማራችሁ፣ ወይም ናይሮቢ ያያችኋት ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን እባካችሁ ንገሩኝ።