ዝገት የሚመስለው ቀለም

ቃሊቲ ውስጥ ያገለገሉ የግንባታ ማሽኖች እየታደሱ በሚሸጡበት አንድ ግቢ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ሥራው ብረቱን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ ከሥር የሚቀባውን የዝገት መከላከያ፣ ግራጫ ወይም ቀይ አንቲረስት፣ መምረጥ ነው። የላይኛው ቀለም ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ቢጫ ከሥሩ ግራጫ ካገኘ በሁለት እጅ ይሸፍናል፤ ቀይ ካገኘ ሦስት እጅም አይበቃውም። ስለዚህ ጤነኛ ብረት ግራጫ ይቀባል። ቀዩን የምናወጣው ብረቱ ጉድ ሲኖርበት ነው። ግራጫ ላይ ዝገት ቶሎ ብቅ ብሎ ያጋልጣል፤ ቀዩ ግን ራሱ ዝገት ስለሚመስል ገበናውን ይሸፍናል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ብልጥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የኮንክሪት ሚክሰር ስፈገፍግ በርሜሉን የሚሸከመው ብረት ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። ቀጭን ናት፤ ግን የጥፍሬን ጫፍ አስገባች። አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት።

«በያጁ ዛሬ የለም፤ ገዢዎቹ ነገ ይመጣሉ» አለኝ። «ቀለሙን አንተ ታውቃለህ።»

አዎ፣ አውቃለሁ። ቀዩን አቅጥኜ፣ ስንጥቁ እስኪጠጣው ድረስ ቀባሁት።

ገዢዋ ከአቃቂ የድሮ ገበሬ ቤተሰብ የሆኑ እናት ነበሩ። መሬታቸው ለፋብሪካ ከሄደ በኋላ አንድ ልጃቸው ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር ብለው ነው ሚክሰሩን የገዙለት። ልጁ በርሜሉን በእጁ እያሽከረከረ ሲስቅ አየሁት። ምሳዬን በላሁና ወደ ሌላው ማሽን ዞርኩ።

በሁለተኛው ወር ብረቱ ተሰበረ። በርሜሉ ከነኮንክሪቱ የልጁ እግር ላይ ወደቀ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

እናትየው ክስ አልመሠረቱም። ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው፣ የተሰበረውን ብረት በጆንያ ጠቅልለው መጡ። ስብራቱን ቀርቤ አየሁት። ግማሹ እንደ አዲስ ብረት ያበራል፤ ግማሹ ቀይ ነው። ቀዩ የእኔ ቀለም ነበር፣ በስንጥቁ ገብቶ ውስጥ የደረቀ። ብረቱ ሲሸጥም የተሰነጠቀ እንደነበር ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም። ግራጫ ቢሆን ኖሮ ዓይን ያለው ሁሉ ይለየው ነበር።

«ዝገት ነው እኮ፣ አባቶቼ» አለ አለቃዬ። «ዝናብ ላይ እያሳደሩት!»

ሽማግሌዎቹ ብረቱን እየተቀባበሉ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። እናትየው ግን እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። እውነት ዝገት ነው?»

በጥፍሬ ብፍቀው ይለይ ነበር፤ ቀለም ይላጣል፣ ዝገት ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አልፋቅኩትም። እንጀራዬን ፈራሁ፤ ማረሚያ ቤቱም ከግቢያችን ሩቅ አይደለም። የዚያን ሰዓት ያህል ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

«ዝገት ነው፣ እማማ» አልኩ።

ብረቱን ቀስ ብለው መልሰው በጆንያ ጠቀለሉት።

«ማሽኑን ሸራ አልብሰው እያልኩ ልጁን ስጨቀጭቀው ነበር» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ማታ ማታ አለብሰዋለሁ ብሎ ይምልልኛል። ለካ ሲዋሸኝ ኖሯል! ቆይ፣ ቤት ልግባ፤ ልኩን ነው የምነግረው።»