ዮናስ የሚያድርበት ክፍል

ድሬዳዋ ባለው ቤቴ ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ለማከራየት እያሰናዳሁ ሳለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የጣራውን ቬንቲላተር ሰቅሎ ማብሪያውን ሲጫነው፣ ክንፎቹ ቀስ ብለው ተነሥተው ፍጥነት ያዙና በየዙሩ አንድ ጊዜ ጠቅ ማለት ጀመሩ። «አንዱ ክንፍ ከብዶ ነው፣ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ያን ድምፅ የማውቀው ከአሰብ ነው።

ልጅ ሳለሁ አሰብ የምንኖረው በአደይ ለምለም ግቢ ነበር፤ አደይ በትግርኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። አደይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሦስቱ ክፍላቸው ሁለቱን ለእኛ አከራይተው፣ በሦስተኛው እሳቸው ይኖሩ ነበር። አባቴ ከደሴ መጥቶ ወደቡ ላይ የክሬኖች ኤሌክትሪክ ይጠግን ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ከአሮጌ መርከብ የተጣለ ቬንቲላተር ተሸክሞ ገባና፣ ሞተሩን ፈትቶ፣ የተቃጠለውን ሽቦ በእጁ ጠምጥሞ፣ በትልቁ ክፍላችን ጣራ ላይ ሰቀለው። አደይ በሩ ላይ ቆመው አንጋጠው እያዩ፣ «አንተ ወሎዬ፣ ይኼ ነገር ወድቆ አንገታችንን ሊቆርጠን ነው?» አሉት። «ከወደቀ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፣ አደይ» አላቸው። «እሱማ ምን ችግር አለው!» ብለው ሳቁ። ጠቅታውን ለማስተካከል በየሳምንቱ ቃል ይገባ ነበር፤ ሳያስተካክለው ለመድነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ በሮች ሁሉ ተከፍተው ይውሉ ነበር። አደይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጸጉሬን እየፈቱና እየሠሩ ትግርኛ ያስተምሩኝ ነበር፤ ስሳሳት ጸጉሬን ሳብ ያደርጉትና «እንደገና በይ፣ ጓለይ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን አፌ ስለለመደው፣ ገበያ ላይ የማያውቁኝ ሴቶች የአደይን የልጅ ልጅ እመስላቸው ነበር። አደይም አላረሟቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸው ነበር።

ግንቦት ሲገባ ቤት ውስጥ ማደር አይቻልም ነበር። ከተማው ሁሉ አልጋውን እያወጣ ግቢው ውስጥ ይተኛል። መሬቱን ውኃ እንረጭና አንሶላውን ነክረን፣ ጨምቀን፣ እርጥቡን እንደርበው ነበር። የአልጋዎቹ ቦታ የታወቀ ነበር፤ የአደይ በሩ አጠገብ፣ የኔ ከሳቸው ቀጥሎ፣ ከዚያ የእናቴና የታናሽ ወንድሜ፣ የአባቴ ከግድግዳው ሥር። ሌሊት ግቢው ውስጥ የሚዞሩትን ድመቶች ስለምፈራ አደይ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ይነኩኝ ነበር። አሰብ ውስጥ ቤቱን የሚያከራይ ሰው እንቅልፉንም አብሮ ያካፍል ስለነበር፣ ማን አጠገቤ ይተኛል ብሎ መጠየቁ አያስገርምም ነበር። እኛን ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

መጠየቅ የተጀመረው ሁለቱ አገሮች በተለያዩ ማግሥት ነው። ወደቡ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ከባድ መኪናዎቹም ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ቤት ፈላጊ ግን የክፍሉ ስፋት ሳይነገረው አገሩን ይጠየቅ ጀመር። አባቴ ማታ እራት ላይ የሥራ ጓደኞቹ የገጠማቸውን ያወራ ነበር። «ደላላው ክፍሉ ባዶ ነው ብሎት ይሄዳል፤ አማርኛውን ሲሰሙ ተይዟል ይሉታል።» እናቴ የእንጀራውን መሶብ እየከደነች፣ «እኛስ አደይ አሉን» ትል ነበር።

ያኔ አከራይ ተከራዩን በቀጥታ ውጣ አይለውም ነበር። ልጄ ሊመጣ ነው ይላል፣ ወይም ጣራውን ላድስ ነው ይላል፤ ተከራዩም ይገባውና ዕቃውን ይሰበስባል፤ ሁለቱም ሳይኳረፉ ይለያያሉ። ይህን አዋቂ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወላጆቼም ያውቁት ነበር። አደይ ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ መጥተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ «ዮናስ ልጄ ከጂዳ ሊመጣ ነው። ክፍሉ ያስፈልገዋል» ሲሉ ግን፣ እናቴ ቃሉን እንዳለ ወሰደችውና እልል አለች።

ዮናስን በፎቶው እናውቀው ነበር፤ በአደይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከእጁ ሰዓት ጋር ይታያል። እናቴ አደይን አቅፋ ስማ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት!» አለች። በማግሥቱ ኖራ ገዝታ የሁለቱንም ክፍሎች ግድግዳ ራሷ ቀባች፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ልጅ የተከራይ እድፍ ማየት የለበትም ብላ የበሩን መቃን ሳይቀር በሳሙና ፈተገችው። አባቴ ቬንቲላተሩን ሊያወርድ መሰላል ላይ ወጥቶ ነበር፤ ትንሽ አሰበና ወረደ። «ጂዳ የለመደ ልጅ የአሰብን ሐምሌ እንዴት ይችለዋል? ይቆየው። እኔ ሌላ እሠራለሁ።» ከዚያም አደይን፣ «መርከቧን ብቻ ይንገሩኝ፤ እኔው ወደቡ ላይ ተቀብዬ አመጣዋለሁ» አላቸው። አደይ ወደ መሬት እያዩ፣ «ቀኑ አልታወቀም፣ አትድከም» አሉት። ከደስታ ብዛት መስሎን ነበር።

እንደልባችን የምንመርጥበት ጊዜ ስላልነበረ፣ ወደ ወደቡ አቅጣጫ አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን፤ ግድግዳዋ ቆርቆሮ ነበር፣ ግቢም አልነበራትም፤ አልጋችንን ብናወጣ መንገድ ላይ ነው። አባቴ ሌላ ቬንቲላተር አላገኘም። ሰኔ ገብቶ አሸዋ የሚያነሳው ትኩስ ነፋስ ሲጀምር፣ የወንድሜ አንገትና ብብት በሙቀት ሽፍታ ተላጠ፤ እናቴ በካርቶን እያራገበችው ታነጋ ነበር። ቢሆንም አላማረረችም። «የእናት ልጅ ነው የመጣው፣ ምን ይደረጋል» ትል ነበር። እኔ ደግሞ የመርከብ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር ዮናስ ገባ እያልኩ እሮጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ እናቴ አምባሻ ጋግራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለዮናስ እንኳን ደህና መጣህ በይው። ሄደን አለመጠየቃችን ነውር ነው።»

የአደይ ግቢ በር ክፍት ነበር። የማላውቃት ወጣት ሴት፣ እኛ በለቀቅነው ክፍል ደጃፍ ላይ ልብስ ታጥባለች፤ ከኋላዋ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አደይ እንዳስተማሩኝ በትግርኛ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ዮናስ የት እንዳለ ጠየቅኋት።

«የትኛው ዮናስ?»

«የአደይ ልጅ። ከጂዳ የመጣው።»

«እዚህ ያለነው እኛ ነን፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ፣ እሷም በትግርኛ። «ከአስመራ ስንዛወር ደላላው ነው ያገናኘን። ከፋሲካ በፊት የተነጋገርነው ነው። የአገሬን ሰው ካመጣህልኝ አሁን ያሉትን ተከራዮች አስወጣለሁ ብለውት ነበር አደይ።» የሳሙና አረፋውን ከክንዷ እየጠረገች ሳቅ አለች። «ወሎዬዎች ነበሩ አሉ። ብታዪ፣ ትገረሚያለሽ! ኖራ ቀብተው፣ አጥበው፣ ቬንቲላተር ሳይቀር ትተው ነው የሄዱት።»

በክፋት አልነበረም የነገረችኝ፤ በአነጋገሬ ከራሷ ሰዎች ቆጥራኝ ነው።

አደይ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ሲያዩኝ በሩን ይዘው ቆሙ።

«እናቴ ለዮናስ ልካለች» አልኳቸው በአማርኛ።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አደይን፤ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ልብሱን ማሸት ጀመረች። አደይ ወደኔ መጥተው አምባሻውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ገና ነው፣ ጓለይ» አሉ። «መንገድ ላይ ነው። እናትሽን ሰላም በያት።»

ከኋላቸው፣ በሩ አጠገብ፣ ቀን ቀን ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙት አልጋዎች ይታዩ ነበር። ከሳቸው አልጋ ቀጥሎ፣ የኔ በነበረበት ቦታ፣ የሌላ ልጅ ትንሽ አልጋ ቆሟል።

ቤት ደርሼ የሰማሁትን እንዳለ ተናገርኩ። እናቴ ማራገቢያ ካርቶኗን እንደያዘች፣ «አምባሻውን ተቀበሉ?» አለችኝ።

«ተቀበሉ።»

ወንድሜን ማራገቧን ቀጠለች። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ይዞራል?» አለ።

«ይዞራል።»

«ጠቅ ይላል?»

«ይላል።»

አባቴ ስለ ጉዳዩ ሲያነሳ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ወደ ወደቡ ሲሄድ ግን በአደይ ሰፈር በኩል ያለውን አጭሩን መንገድ ትቶ በባሕሩ ዳር ይዞር ነበር። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ዕቃችንን በአንድ የደሴ ሰው መኪና ጭነን ከአሰብ ወጣን።

አደይ ዮናስ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው አውቃለሁ። ሊመጣ አስቦ እንደነበር፣ መጥቶም እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤት ጫና አድርጎባቸው ይሆናል፣ ፈርተውም ይሆናል፤ ይህንንም አላውቅም። የማውቀው፣ ከፋሲካ በፊት ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግረው፣ ከፋሲካ በኋላ እናቴ እልል ስትል ቆመው መስማታቸውን ነው።

ቬንቲላተሩ በተሰቀለ ዕለት የድሬዳዋው ደላላ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ሰው ላምጣልዎት? ብሔሩንም ሃይማኖቱንም ይንገሩኝና ለይቼ ላምጣ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያዙኝ።» ይህን የተናገረው የጣራውን ቁመት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ ነው። ያን ጊዜ ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍር ነበር፤ እፍረቱን ለመሸፈንም አንድ ልጅ ከጂዳ ይጠራ ነበር። ዛሬ ማንንም መጥራት አያስፈልግም። የቱ ይሻላል ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ፣ የዛሬው ቢያንስ በገዛ እጅ ኖራ አያስቀባም ከሚል ሌላ መልስ አላገኘሁም።

«ሰው አምጣልኝ» አልኩት።

«እሺ፣ ስለ ክፍሉ ምን ልበላቸው?»

«ቬንቲላተር አለው በላቸው። ጠቅ እንደሚልም አስቀድመህ ንገራቸው።»