ባለ ስድስት ፊደል ቃል

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ጎንደር ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ኃይለኛ ናት ይሉኛል። ውሻ ሳይ መንገድ የምቀይር ሴት መሆኔን አያውቁም። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ራሱ ያስፈራ ነበር። ወደ ሰሜን የሚወጣ መኪና እየቆመ ከውስጡ ሰው ይወሰዳል፤ የተወሰደውን ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ያስለቅቀዋል። ማን እንደሚወስድ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም አይናገርም። ቢሆንም አምባ ጊዮርጊስ ያለችው አክስቴ ሞተችና ከለቅሶ መቅረት አልቻልኩም። ባለቤቴ መስክ ሥራ ላይ ስለነበር ልጄን የምተውላት ሰው አጣሁና ይዣት ሄድኩ።

ስንመለስ የአክስቴ ልጆች እንደ ሙሽራ ከበው አለባበሴን አስተካከሉልኝ፤ ልዩነቱ እንዳላምር መሆኑ ነው። መነጽሬን አስወለቁኝ፣ ቀለበቴን አስወለቁኝ፣ ሻሼን እንደ ባላገር አሰሩልኝ፣ ስልኬን ለስንቅ በሰጡኝ ገብስ ውስጥ ቀበሩት። የሚወሰደው ደመወዝተኛና ነጋዴ የሚመስል ሰው ነው ይባል ነበር። ልጄንም አራዳ ሰፈር ስለምትማርበት ትምህርት ቤት እንዳታነሳ፣ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር ከአፏ እንዳይወጣ አስጠነቀቅኳት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ እሺ አለች። እሺ ማለት መቼም አይከብዳትም።

መኪና ላይ ግን ያጥወለውላታል። ስትታመምም ስትፈራም የሚያረጋጋት አንድ ጨዋታ አለን። ቁስቋም አካባቢ ያለው ቤታችን መብራት ሲጠፋበት ተጠጋግተን እንቀመጥና ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል እመርጣለሁ፤ ቃሉ ስንት ፊደል እንደሚኖረውም እወስናለሁ። ከዚያ ሁለቱ ፊደላት ያሉበትን፣ ከወሰንኩት ልክም የማያልፍ የማያንስ ቃል በየተራ እንፈልጋለን። ያገኘነውን አንዳችን በሌላችን መዳፍ ላይ በጣት እንጽፋለን። መዳፍ ላይ መጻፉን ያመጣችው እሷ ናት፤ መኮርኮሩን ትወደዋለች መሰለኝ። ቃል ያለቀበት ሰው የሌላውን እጅ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ተሸንፌያለሁ፣ አንቺ ካለሽ ንገሪኝ ማለት ነው። ያኔ ያሸነፈው ቃሉን ጮክ ብሎ ይናገራል።

መኪናው ከአምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ፊቷ ሲገረጣ አየሁና መዳፏን ሳብ አደረግኩ። ስድስት ፊደል፣ ኤን እና አር ያሉበት። እኔ ዊንተር ብዬ ጻፍኩ። እሷ ፍሬንድ። እኔ ኮርነር። እሷ አሰብ አሰብ አድርጋ ስትሮንግ። ድምፅ የሌለው ጨዋታ ስላለን አምላክን አመሰገንኩ። አጠገባችን ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ረዳቱ አያ፣ አያ እያለ ነው ቦታ የሰጣቸው። ዓይናቸውን ለመታከም ጎንደር እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ እኔም ከለቅሶ እንደምመለስ ነገርኳቸው። የልጄ ጣት መዳፌ ላይ ሲመላለስ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ሸጋ ነው አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ።

መንገዱን የሸፈነው የጠዋት ጉም ሳይገለጥ መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አጠፋ። ከባሕር ዛፎቹ መሀል መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወጡ፤ ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። እኔን ቢያወርዱኝ ልጄን ማን ያደርሳታል? ከዚህ ሌላ ምንም ማሰብ አልቻልኩም። ሳላውቀው እጇን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

«ጋርደን» አለች፤ ጮክ ብላ፣ በኩራት።

በልጄ አልፈርድም፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ ሃያ ዓመት እንኳ የሞላው የማይመስል ወጣት፣ ጎንበስ ብሎ ምን እንዳለች ጠየቃት። ልጄ ደግሞ ሲጠይቋት የምትመልስ ልጅ ናት፤ አትክልት የሚተከልበት ቦታ ማለት ነው ብላ አስረዳችው። ወጣቱ ቀና ብሎ እኔን አየኝና ማን እንዳስተማራት ጠየቀኝ። ሰው ፊት ቆሜ በመናገር እንጀራዬን የምበላ ሴት አንድ ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«ምነው ልጄ» አሉት አዛውንቱ። «የልጅ ልጄ ናት። ይቺም ልጄ ናት። ከለቅሶ ነው የምንመለስ።»

ወጣቱ ጋቢያቸውን አየ፣ ልጄን አየ፣ እንደገና ጋቢያቸውን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«የልጅ ልጅህን እንግሊዝኛ የምታስተምር ከሆነማ ሀብት አለህ» አላቸው። «ተነስ።»

ልነሳ ሞከርኩ። አባቴ አይደሉም፣ አያውቁኝም ልል ነበር። አዛውንቱ ትከሻዬን ተጭነው መልሰው አስቀመጡኝ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጅሽን ያዢ።»

ወጣቱ የአባትሽን ወሬ የምንነግርሽ በምንድን ነው ብሎ የስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ከፍርሃቴ የተነሳ የውሸት ቁጥር መፍጠር እንኳ አልቻልኩም፤ እውነተኛውን ነገርኩት። እዚያው ቆሞ ደወለ። ስልኬ ገብሱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። ወጣቱ ብቻ ሳቀ፤ እንዳታጠፊው አለኝና አዛውንቱን አስቀድሞ ወረደ። ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

መንገድ ላይ ልጄ አንዴ መዳፏን ዘርግታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ የምጽፍበት ነገር ስላልነበረኝ በእጄ ሸፈንኩት። መናኸሪያ ስንደርስ ሾፌሩንም ረዳቱንም ስለ አዛውንቱ ጠየቅኳቸው። ከመንገድ የተሳፈሩ ናቸው፤ አገራቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ተመልሶ ሲሰማ ሲም ካርዱን አውጥቼ እንድጥለው ነገረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አባትሽ አይደሉም፣ ቁጥሩ በእጃቸው ካለ ነገ ቤታችንን ይጠይቁናል፣ ልጅ አለን፣ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ከእሱ ብሼ ፈርቼ ነበር፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የእኅቴ ጥሪ ሲሆን እንኳ፣ እበረግግ ጀመር። ግን ደግሞ ይህ ቁጥር ቢጠፋ ሰዎቹ አዛውንቱን ምን ይሏቸዋል? ልጅህ ካደችህ ይሏቸዋል? ከዚያስ? ስልኩን ማብራትም ማጥፋትም ፈራሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን እሺ አልኩትና ሲም ካርዱን የማወጣበት መርፌ ይዤ ተቀመጥኩ።

ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ባለቤቴ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አታንሺ አለኝ። ልጄ የቤት ሥራዋን ትታ ታየኛለች። አነሳሁት።

«አባትሽን አናግሪ» አለ የወጣቱ ድምፅ።

ትንሽ ኮሽታ ሰማሁ፤ ከዚያ የሽማግሌ ትንፋሽ።

«ልጄ» አሉ፤ ሌላ ምንም ሳይሉ ቆሙ።

ለምን እንደቆሙ ገባኝ። ስሜን አያውቁም። ሰዎቹ አጠገባቸው ሆነው እየሰሙ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልጄ ብለው የጠሯት ሴት ምን ብላ እንደምትመልስ አያውቁም። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ነበር፤ ያየሁት ኋላ ነው። እንደዚያን ሰዓት ፈርቼ አላውቅም።

«አቤት አባ» አልኩት። «አለሁልህ።»